በጎጃም ደጋና በዓባይ ሸለቆ የሚገኙ ቅሪተ አካላት፤ አመጣጣቸው፣ አለያየታቸውና የአግኚው ኃላፊነት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በእርሻ፣ በድንጋይ ማውጣትና በመንገድ ሥራ የሚተዳደር ሰው፣ ከተለመደው የተለየ ቅርፅ ያለው ድንጋይ ከመሬት ሲወጣ ማየቱ አይቀርም። ዛጎል የሚመስል፣ ቅጠል የታተመበት፣ አጥንት ወይም ጥርስ የሚመስል ድንጋይ ሲገኝ፣ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ግን በአብዛኛው በግምት ይቆማል። ዕቃው በግቢ አጥር ውስጥ ይቀመጣል፤ በልጆች እጅ ይሰባበራል፤ አለያም ከሌላው ድንጋይ ጋር ተፈጭቶ ለግንባታ ይውላል።

ይህ ጽሑፍ በአካባቢው ምን ዓይነት ቅሪተ አካል የት ሊገኝ እንደሚችል፣ ከተራ ድንጋይ እንዴት እንደሚለይና ያገኘው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያስረዳል።

የሸለቆው ንብብር

ቅሪተ አካል የሚባለው በጥንት ዘመን የኖረ እንስሳ ወይም ዕፅ በደለል ተቀብሮ፣ አካሉ በማዕድን ተተክቶ ወይም ቅርፁ በድንጋይ ላይ ታትሞ የቀረ ማስረጃ ነው። የእንስሳ ዱካ፣ በደለል ውስጥ የቆፈረው ጉድጓድና ድንጋይ የሆነ እንጨትም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

የጎጃምን ቅሪተ አካላት ለመረዳት ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ማስተዋል ይጠቅማል። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ድልድዩ ያለበት ሥፍራ ደግሞ ከ1 ሺህ 100 ሜትር በታች ነው። ወንዙ ይህን ያህል ምድር ቆርጦ በመውረዱ በሌላ ሥፍራ ተቀብረው የሚገኙ የዐለት ንብብሮች በሸለቆው ግድግዳ ላይ በግልጽ ይታያሉ።

ከታች ወደ ላይ ሲቆጠር በመጀመሪያ የሚገኘው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በመባል የሚታወቀው ንብብር ነው። ከእርሱ በላይ በጎሐ ጽዮን ስም የሚጠራው የጀሶና የሸክላማ ደለል ንብብር ይቀጥላል። ቀጥሎ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም በወንዝ የተከማቸ የሸክላማ ደለልና የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል። ከሁሉም በላይ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ነው። በአንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ፣ ንብብሩ በስብራት እስካልተዛባ ድረስ፣ ዝቅ ብሎ የተገኘው ከላይኛው ይበልጥ ጥንታዊ ነው።

አዲግራትና አንታሎ የተሰኙትን ስያሜዎች ለዐለቶቹ የሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር አጥኚ ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ ያየውን በመጽሐፍ ያሳተመው ከ2 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1870 ነበር።

ባሕር የነበረ ምድር

የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን የአሁኑን የኢትዮጵያ ምድር ሰፊ ክፍል ሸፍኖ በነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ውስጥ የተከማቸ ሲሆን፣ ዕድሜውም ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። በዚህ ምክንያት በዓባይ ሸለቆ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኙት የባሕር ፍጥረታት ቅሪቶች ናቸው። ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዙ ዛጎሎች፣ ኮራሎችና ብራኪዮፖድ በመባል የሚታወቁ ክዳን ያላቸው ፍጥረታት ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ተራራማ አገር ዛጎል በድንጋይ ውስጥ የመገኘቱ ምስጢርም ይኸው ነው።

ባሕሩ ከሸሸ በኋላ በሥፍራው ወንዞች ደለል አከማችተዋል። በዚህ የወንዝ ደለል ውስጥ የየብስና የጨው አልባ ውኃ እንስሳት ተቀብረዋል። የዓባይ ገባር በሆነው በጀማ ወንዝ ሸለቆ፣ የሙገር ደለል በሚባለው ንብብር ውስጥ የተካሄደው ጥናት ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። በአሜሪካ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የመጡት ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በሳንባ የሚተነፍስ ዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞና የዳይኖሰር ቅሪቶች መገኘታቸውን አመልክተዋል። የንብብሩን ዕድሜ ለመወሰንም በደለሉ ውስጥ የቀረውን የጥንት ዕፅዋት ብናኝ ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከዚሁ ሸለቆ የተገኘ የጁራሲክ ዘመን የአጥቢ እንስሳ ጥርስ ይፋ ሆኗል፤ በኢትዮጵያ ከዚያ ዘመን የተመዘገበ የመጀመሪያው አጥቢ እንስሳም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሌላ ጥናት የተለያዩ የዳይኖሰር ዝርያዎችን ጥርሶች ዘርዝሯል።

ከእነዚህ ግኝቶች አብዛኞቹ ትናንሽ ጥርሶችና ስብርባሪዎች እንጂ በፊልም እንደሚታየው ሙሉ አፅም አለመሆናቸው ሊጤን ይገባል። በሜዳ ላይ የሚገኝ አንድ ጥርስ፣ ለተመልካች ጥቁር ጠጠር መስሎ ቢታይም፣ የአንድን ዘመን ታሪክ ሊለውጥ ይችላል።

በደጋው ላይ የሚጠበቀው

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚገኘው ደጋ ግን ከሸለቆው ይለያል። ሰፊው ሜዳ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተሸፈነ ሲሆን፣ የጮቄ ተራራም ከዚያ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተፈጠረ እሳተ ገሞራ የቆመ ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ዐለት እንስሳና ዕፅን ስለሚያቃጥል በጥቁር ድንጋይ ውስጥ ቅሪተ አካል አይጠበቅም።

ሆኖም በአንድ ፍሰትና በቀጣዩ መካከል ረጅም ዘመን ሲያልፍ፣ በመካከሉ ሐይቅና ረግረግ ተፈጥሮ ደለል ይከማቻል። በእንዲህ ዓይነቱ ስስ የሸክላ ንብብር ውስጥ የቅጠል ማኅተም፣ ድንጋይ የሆነ እንጨትና የእንስሳት አጥንት ሊገኝ ይችላል። በአማራ ክልል በጎንደር በኩል በምትገኘው ጭልጋ የታየው ይኸው ነው። በዚያ ሥፍራ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የተባለ ባለ ግዙፍ ቀንድ እንስሳ ቅሪቶች የተገኙ ሲሆን፣ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ስለዚህ በደጋው የሚኖር ሰው ትኩረቱን ማድረግ ያለበት በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሳይሆን፣ ጎርፍ በሸረሸረው ገደል በጥቁር ድንጋዮች መካከል በሚታየው የሸክላ ንብብር ላይ ነው።

ከተራ ድንጋይ እንዴት ይለያል?

ሰዎች ቅሪተ አካል ነው ብለው ከሚያመጧቸው ነገሮች ብዙዎቹ የተፈጥሮ አስመሳዮች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

የመጀመሪያው በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚታይ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የፈርን ቅጠል የሚመስል ጥቁር ሥዕል ነው። ይህ የማንጋኒዝ ማዕድን በውኃ ተሸክሞ ገብቶ የሠራው እንጂ ዕፅ አይደለም። የእውነተኛ ቅጠል ማኅተም መሐል ለመሐል ዋና ደም ሥርና ከእርሱ በሥርዓት የሚወጡ ቅርንጫፎች ይኖሩታል።

ሁለተኛው እንቁላል የሚመስል ክብ ድንጋይ ነው። ብዙውን ጊዜ በደለል ውስጥ ማዕድን በአንድ ፍሬ ዙሪያ እየተጠራቀመ የሚሠራው ድቡልቡል ሲሆን፣ በጥቁር ድንጋይ ክፍተት ውስጥ ከሆነም ውስጡ በነጭ ክሪስታል የተሞላ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው እንደ ተጠረበ ምሰሶ ማዕዘን ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። የቀለጠ ዐለት ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ በመሰንጠቁ የሚፈጠር እንጂ የሰው እጅ ሥራም የእንስሳ አካልም አይደለም።

አራተኛው የቅርብ ዘመን አጥንት ነው። የከብት ወይም የፈረስ አጥንት በአፈር ውስጥ ቆይቶ ሊጠቁር ይችላል። የቅርብ ዘመን አጥንት ቀላል ሲሆን፣ ድንጋይ የሆነው ግን ቀዳዳዎቹ በማዕድን ስለተሞሉ ከመጠኑ ይልቅ ይከብዳል። በማጉያ መነጽር ሲታይም የአጥንቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከነሥርዓታቸው ይታያሉ። ተራ ድንጋይ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት የለውም።

በአጠቃላይ አንድ ዕቃ በሁለት ወገን የተመጣጠነ ቅርፅ፣ በእኩል ርቀት የተደረደረ መስመር ወይም ከዙሪያው ድንጋይ የተለየ ገጽ ካለው፣ ለባለሙያ ሊታይ ይገባዋል። በዓይን ብቻ የሚሰጠው ግምት ግን ጥርጣሬን ከማጥበብ አያልፍም። ባለሙያው ዕቃውን በሙዚየም ከተቀመጡ ናሙናዎች ጋር ያመሳክራል፤ የወጣበትንም ንብብር ይመረምራል። ለጥንታዊ ቅሪተ አካል ዕድሜ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በአጥንቱ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ባለው የእሳተ ገሞራ ዐለት ወይም አመድ ነው። በካርቦን የሚደረገው ልኬት ከ50 ሺህ ዓመት ለማይበልጥ ዕድሜ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ሥፍራው ከዕቃው እኩል ነው

ከላይ ከተጠቀሰው የሚመነጨው ዋና ቁም ነገር፣ የተገኘበት ቦታ ያልታወቀ ቅሪተ አካል የዋጋውን ትልቁን ክፍል እንደሚያጣ ነው። በደቡብ አፍሪካ በታውንግ የኖራ ድንጋይ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1924 የተገኘው የሕፃን ራስ ቅል ለዚህ ማሳያ ይሆናል። ግኝቱ በሰው ዘር አመጣጥ ጥናት ከፍተኛ ሥፍራ ቢኖረውም፣ የወጣበት የዐለት ክፍል በድንጋይ ማውጣት ሥራ በመጥፋቱ ዕድሜውን መወሰን ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል።

በአንጻሩ በየካቲት 2008 ዓ.ም. በአፋር ክልል በወራንሶ ሚሌ አንድ የአካባቢው ተወላጅ የመንጋጋ ክፍል ባገኘ ጊዜ፣ ግኝቱ የታየበት ነጥብ በትክክል ይታወቅ ስለነበር በዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን የቀረውን የራስ ቅል ከዚያው አካባቢ ለማግኘት ችሏል። የ3 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ይህ ራስ ቅል እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም ይፋ ሆኗል። አግኚው አንሥቶ ወደ ቤቱ ወስዶት፣ ቦታውም ተረስቶ ቢሆን ኖሮ ቀሪው ክፍል በጎርፍ ተወስዶ ሊጠፋ ይችል ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

በእንግሊዝ አገር በባሕር ዳርቻ የወደቀ ቅሪተ አካል መልቀም በብዙ ሥፍራ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ነው። በላይም ሪጂስ የኖረችው ሜሪ አኒንግም መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚህ ሥራ ሳይንስን ጠቅማለች። በኢትዮጵያ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተፈጥሮን የዕድገት ሂደት የሚመሰክሩ ነገሮችን በቅርስነት ያካተተ ሲሆን፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ከልክሏል።

አዋጁ በአጋጣሚ የሚገኝ ቅርስንም ተመልክቷል። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ወይም በመንገድ ሥራ፣ አለያም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ባለበት ሁኔታ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ላስረከበው ሰውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው ደንግጓል። ቅርስን ለሳይንሳዊ ጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን በፈቃድ ካልሆነ ከአገር ማስወጣት አይቻልም። ቀድሞ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በሚል ስም ተጠርቷል።

አግኚው ሊፈጽማቸው የሚገቡ ተግባራት

አንደኛ፣ ዕቃውን ከቦታው አለማንሣት፤ በዶማና በመዶሻ ለማውጣት አለመሞከር፤ አለማጠብና በማጣበቂያ አለመቀባት።

ሁለተኛ፣ ብዕር ወይም ሳንቲም ለመጠን ማነጻጸሪያ አጠገቡ አስቀምጦ ከቅርብ፣ ቀጥሎም ገደሉን ወይም ማሳውን ከሚያሳይ ርቀት ፎቶግራፍ ማንሣት።

ሦስተኛ፣ ቀኑን፣ የቀበሌውንና የጎጡን ስም፣ ዕቃው በዐለት ውስጥ ተተክሎ ወይም ተፈንቅሎ መገኘቱን በጽሑፍ መያዝ። ጎርፍ ወይም ማሽን ሊወስደው ከተቃረበና አፋጣኝ ርዳታ ማግኘት ካልተቻለ፣ ነጥቡን በጉልህ ምልክት አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየት ይቻላል።

አራተኛ፣ ለቀበሌውና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ። ጉዳዩ በዞኑ መምሪያና በክልሉ ቢሮ በኩል ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይደርሳል። ድንጋዩ ቅሪተ አካል ይሁን አይሁን በመጀመሪያ ደረጃ ለመለየት በአቅራቢያ በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ምድር መምህራን ዘንድ ምክር መጠየቅ ጠቃሚ ነው።

ከሸለቆው የሚወጣው የኖራ ድንጋይና ጀሶ ለግንባታ የሚፈለግ ሀብት ነው። የመንገድ ቁፋሮና የድንጋይ ማውጫ ሥራ ለዘመናት የተዘጋውን ንብብር ሲከፍት፣ ከማንም በፊት የሚያየው የዕለት ሠራተኛው፣ እረኛውና አራሹ ነው። ተመራማሪ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ቢመጣ ነው፤ እነርሱ ግን በየቀኑ በዚያው ያልፋሉ። የአንድ ዘመን ማስረጃ ወደ ሙዚየም ወይም ወደ ድንጋይ መፍጫ መሄዱ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያ የመጀመሪያ ቅጽበት ነው።