ዕቃው የገዢ፣ ቁልፉ የሻጭ፦ የግራፊክስ ካርድ ድራይቨሮች ታሪክና ትምህርቱ

በ2021 አጋማሽ ኤኤምዲ ለበርካታ አሮጌ ግራፊክስ ካርዶቹ በዊንዶውስ ላይ የሚሰጠውን መደበኛ የድራይቨር ዝመና ማቆሙን አስታወቀ። ውሳኔው ከነካቸው ካርዶች አንዱ በ2012 መባቻ ለገበያ የቀረበው ራዲዮን ኤችዲ 7970 ነው። ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ነገሩ በዚያው አበቃ፤ ካርዱ ቢሠራም ጠጋኝ አጣ። በሊነክስ ላይ ግን የዚያው ካርድ ድራይቨር መሻሻሉን ቀጠለ። በ2025 እንኳ ከቫልቭ ኩባንያ ጋር የሚሠራ ባለሙያ እነዚህ ካርዶች ወደ አዲሱ ድራይቨር እንዲሸጋገሩ የሚያስችል ሥራ አበርክቷል። ካርዱ አንድ፣ ፋብሪካውም አንድ፤ ዕጣው ግን ሁለት ሆነ። ልዩነቱ የመነጨው የድራይቨሩ ምንጭ ኮድ በማን እጅ እንዳለ ከሚለው ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድራይቨር በኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወናና በካርዱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ሥርዓተ ክወናው «ይህን ምስል ሣል» ሲል ድራይቨሩ ትእዛዙን ካርዱ ወደሚያውቀው ቋንቋ ይመልሰዋል። ሥርዓተ ክወናው በየጊዜው ስለሚለወጥ አስተርጓሚውም አብሮ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ጤነኛ ካርድ ድዳ ይሆናል። ስለዚህ ካርድ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይገዛል፦ ዛሬ በእጁ የሚገባውን ዕቃና ነገ ይደርሰኛል ብሎ የሚጠብቀውን አገልግሎት። የመጀመሪያው በደረሰኝ ላይ ይጻፋል፤ ሁለተኛው አይጻፍም።

የምጣኔ ሀብት ሳይንስ ለዚህ ሁኔታ የቆየ ማብራሪያ አለው። ሳንፎርድ ግሮስማንና ኦሊቨር ሃርት በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ማንኛውም ውል ወደፊት የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ሊዘረዝር እንደማይችል ተነሥተው፣ ባለቤትነት ማለት ውሉ ዝም ባለበት ጉዳይ ላይ የመወሰን ሥልጣን መሆኑን አሳዩ። ሃርት በ2016 የኖቤል ሽልማት ከተጋራባቸው ሥራዎች መካከል ይህ ሐሳብ ዋነኛው ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ ዝግ ድራይቨር ያለው ካርድ ገዢ ብረቱን እንጂ ሥልጣኑን አልገዛም። ካርዱ መቼ እንደሚያረጅ የሚወስነው ሻጩ ነው፤ የሻጩ ጥቅም ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ ካርድ መሸጥ ነው።

ጥያቄው ከግራፊክስ ካርድ በፊት የነበረ ነው። በ1980 አካባቢ በኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ከዜሮክስ በስጦታ የመጣ የሌዘር ማተሚያ ወረቀት ሲቀረቀርበት ለተጠቃሚዎች መልእክት እንዲልክ ለማድረግ ፈለገ። የማተሚያውን ምንጭ ኮድ የያዘ ሌላ ተመራማሪ ግን ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሞ ስለነበር ኮዱን ከለከለው። ስቶልማን በ1983 የጂኤንዩን ፕሮጀክት ሲያውጅ ይህ ገጠመኝ ከኋላው ነበር። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ሊነክስን ጀመረ፤ በ1993 ብራያን ፖል ዛሬ የክፍት ግራፊክስ ሁሉ መሠረት የሆነውን ሜሳን መጻፍ ያዘ።

ሆኖም በአዲሱ ሺህ ዓመት መግቢያ የሊነክስ ተጠቃሚ ምርጫ ጠባብ ነበር። ኤንቪዲያ ለሊነክስ ፈጣንና በሚገባ የሚሠራ ድራይቨር አቀረበ፤ ኮዱ ግን ዝግ ነበር። ኩባንያዎች ለዝግነት የሚያነሡት ምክንያት ከንቱ አልነበረም፦ በኮዱ ውስጥ የንግድ ምስጢር አለ፤ ከሦስተኛ ወገን በፈቃድ የተገኘ ክፍልም አለ። የሚከፈለው ዋጋ ግን በገዢው ላይ ወደቀ። ከርነሉ በተለወጠ ቁጥር ዝግ ድራይቨር የያዘ ኮምፒውተር ጥቁር መስኮት ይዞ ሊነሣ ይችል ነበር፤ የከርነሉ ጸሐፊዎችም የማያዩትን ኮድ ስሕተት ለመመርመር ፈቃደኛ አልነበሩም።

ከ2005 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ሦስት መንገዶች ተከፈቱ። የመጀመሪያው የጉልበት መንገድ ነበር፤ ኑቮ የተባለው ፕሮጀክት የኤንቪዲያን ካርዶች ባሕርይ ከውጭ እየተመለከተ፣ ያለ ኩባንያው እርዳታ፣ ክፍት ድራይቨር መጻፍ ጀመረ። ሁለተኛው የኢንቴል መንገድ ነው፤ ኢንቴል ይሸጥ የነበረው ፕሮሰሰር ስለሆነ አብሮት የሚመጣው ግራፊክስ በየትም ቢሠራ ይጠቅመው ነበርና ድራይቨሩን በክፍት ኮድ አወጣ። ሦስተኛው የኤኤምዲ ነው። በ2006 የካናዳውን ኤቲአይ በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ በመስከረም 2007 የካርዶቹን ቴክኒካዊ ሰነዶች እንደሚያወጣ አስታውቆ ከኖቬል ባለሙያዎች ጋር የክፍት ድራይቨር ሥራ ጀመረ። ከሦስቱ ኩባንያዎች ገበያውን የሚመራው መዝጋቱን፣ ተከታዩና ትርፉን ከሌላ ዕቃ የሚያገኘው ደግሞ መክፈታቸውን ልብ ይሏል። ክፍትነት ከበጎ ፈቃድ ይልቅ ከገበያ ቦታ ጋር የተሳሰረ ነበር።

በ2012 ቶርቫልድስ በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኤንቪዲያ ሲጠየቅ በካሜራ ፊት የስድብ ምልክት አሳየ። ቁጣው በዓለም ዙሪያ ታየ፤ የኃይል ሚዛኑ ግን አልተለወጠም። በ2014 ከወጡት የሁለተኛው ትውልድ ማክስዌል ካርዶች ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ከረረ። ካርዱ በኩባንያው ዲጂታል ፊርማ ያልጸደቀ ፈርምዌር እንዳይቀበል ተደረገ። ኑቮ ካርዱን ማስነሣት ቢችልም ፍጥነቱን ከፍ የሚያደርገው ቁልፍ ተቆለፈበት። ዓመታት የፈጀ የበጎ ፈቃደኞች ድካም በአንድ ፊርማ ተገታ።

የኤኤምዲም መንገድ ቢሆን አልጋ ባልጋ አልነበረም። በ2016 መጨረሻ ኩባንያው የስክሪን ማሳያውን የሚመራ ግዙፍ ኮድ ወደ ከርነሉ ለማስገባት ሲያቀርብ፣ የግራፊክስ ክፍሉ ኃላፊ ዴቭ ኤርሊ ኮዱ ለኩባንያው ምቾት እንጂ ለከርነሉ ሥርዓት አልተጻፈም ብሎ መለሰው። ኮዱ ከታረመ በኋላ በ2018 መባቻ በወጣው ሊነክስ 4.15 ተካተተ። በዚያው 2016 ኤርሊና አንድ ባልደረባው ለኤኤምዲ ካርዶች ራድቪ የተባለ ድራይቨር ከኩባንያው ውጭ ጽፈው ነበር፤ ኤኤምዲ የራሱን ተመሳሳይ ድራይቨር ኮድ የከፈተው በ2017 ነው። በ2025 ኩባንያው የራሱን ትቶ ራድቪን እንደሚደግፍ አስታወቀ። ኮዱን መክፈት ማለት ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሊያርምህና ሊበልጥህ እንደሚችል መቀበል ማለት ነው።

በግንቦት 2022 ኤንቪዲያ የከርነል ሞጁሎቹን ምንጭ ኮድ አወጣ። በ2024 ለአዳዲስ ካርዶቹ ክፍቱን ሞጁል ቀዳሚ ምርጫ አደረገው፤ ለብላክዌል ትውልድ ደግሞ የሚሠራው እሱ ብቻ ሆነ። ሊነክስ የሚገዛበት ትልቁ ደንበኛ የመረጃ ማዕከል በሆነበት ዘመን የሊነክስን ወዳጅነት መናቅ ውድ ሆኗል። ሆኖም የተከፈተው ምን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ክፍቱ ሞጁል ከ2018ቱ ቱሪንግ ወዲህ ላሉ ካርዶች ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ቀድሞ በድራይቨሩ ውስጥ የነበረው ብዙ ሥራ በካርዱ ላይ ወዳለ ረዳት ፕሮሰሰርና ወደ ዝጉ ፈርምዌሩ ተዛውሯል። በ2007 የወጣው ኩዳም እንደተዘጋ ነው። በሩ ተከፈተ፤ ካዝናው ግን ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

ዛሬ ለወርክስቴሽን ካርድ የሚመርጥ ባለሙያ ስለዚህ «ድራይቨሩ ክፍት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይበቃውም። አራት እርከኖችን ለይቶ መጠየቅ አለበት፦ የከርነል ሞጁሉን፣ ከላዩ ያለውን የግራፊክስ ቤተ መጻሕፍት፣ ፈርምዌሩንና የስሌት መድረኩን። በኤኤምዲና በኢንቴል ካርዶች ሁለቱ የመጀመሪያ እርከኖች በሙሉ ክፍት ናቸው፤ ፈርምዌሩ ግን በእነሱም ዘንድ ዝግ ነው። ዴቢያን በ2022 በድምፅ ውሳኔ ዝግ ፈርምዌርን በመጫኛ ዲስኩ ውስጥ ለማካተት የተገደደውም ያለዚያ በርካታ ኮምፒውተሮች በሚገባ ስለማይሠሩ ነው። በስሌት መድረክ ረገድ ኤኤምዲ በ2016 ያወጣው ሮክኤም ክፍት ቢሆንም በይፋ የሚደገፉት ካርዶች ዝርዝር ጠባብ ሆኖ ቆይቷል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። ሥራው የሦስት ገጽታ ንድፍ፣ የካርታ ሥራ፣ የቪዲዮ ቅንብር ወይም በብዙ ስክሪን መሥራት ከሆነና ኮምፒውተሩ ለረጅም ዓመታት እንዲያገለግል ከተፈለገ፣ የኤኤምዲ ወይም የኢንቴል ካርድ ይመረጣል። ካርዱ ገና ከወጣ ግን አዲስ ከርነልና አዲስ ሜሳ ይፈልጋል፤ ነባር የሊነክስ ስርጭት ላያውቀው ይችላል። የስክሪን ገመዱም ይታሰብበት፤ በ2024 የኤችዲኤምአይ ፎረም የኤኤምዲን ክፍት የኤችዲኤምአይ 2.1 ኮድ ስለከለከለ ለከፍተኛ ጥራት ስክሪን ዲስፕሌይፖርት ይሻላል። ሥራው በኩዳ ላይ የቆመ ከሆነ ደግሞ ኤንቪዲያን መግዛት ምክንያታዊ ነው። ያን ጊዜ ግን ገዢው የካርዱ ዕድሜ በሻጩ ውሳኔ ላይ የቆመ መሆኑን በሒሳቡ ማስገባት አለበት፦ በ2012 የወጡት የኬፕለር ካርዶች የመጨረሻ የሊነክስ ድራይቨር ድጋፍ በ2024 አብቅቷል።

ለአንድ ሰው ይህ የጥቂት መቶ ዶላር ጉዳይ ነው። ለመንግሥት ተቋምና ለዩኒቨርሲቲ ግን የግዢ ፖሊሲ ነው፤ በተለይ ዕቃን በውጭ ምንዛሪ ለሚያስመጣ አገር። በኢትዮጵያ የምንዛሪ ተመኑ በ2024 ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ሁኔታ አንድ ቤተ ሙከራ ካርዶቹን ሁለት ዓመት አቆይቶ መለወጡ የበጀት ጥያቄ ይሆናል። ብዙ የጨረታ ሰነዶች ፍጥነትን፣ የማስታወሻ መጠንንና የዋስትና ዓመትን ይጠይቃሉ። «አምራቹ ድጋፉን ሲያቆም ድራይቨሩን ሌላ ባለሙያ መጠገን ይችላል ወይ?» የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት ወጪ የለውም። ሻጩ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ሲገደድ፣ በደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ሁለተኛው ዕቃም ዋጋ ይወጣለታል፤ ተወዳዳሪዎችም በእሱ መወዳደር ይጀምራሉ።