ከቦስተኑ ቃጠሎ በኋላ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 1942 ምሽት፣ ቦስተን ውስጥ ‹ኮኮናት ግሮቭ› የተባለው የምሽት ክበብ ተቃጠለ። ዋናው መውጫ ተሽከርካሪ በር ነበርና ግፊያው ዘጋው፤ ከሌሎቹ በሮች አንዳንዶቹ ተቆልፈው ነበር። 492 ሰዎች አለቁ።

የአእምሮ ሐኪሙ ኤሪክ ሊንደማን የተረፉትንና ሐዘንተኞቹን ቀርቦ አነጋገረ። ትንፋሽ ማጠር፣ ምግብ መጥላት፣ ‹ባድነው ኖሮ› የሚል ጸጸት ደጋግሞ አገኘ። በ1944 ባሳተመው ጥናት፣ ሐዘኑን አፍኖ ደኅና የሚመስል ሰው ቆይቶ ሊታመም እንደሚችል፣ አልቅሶና ስለሟቹ አውርቶ የሚወጣለት ግን እንደሚያገግም ጻፈ። ለቅሶ መድረስን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይደለም፤ አዲሱ ነገር ሐኪም ቤት መግባቱ ነው።

ቄሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችም መርዳት እንደሚችሉ አመለከተ። በ1948 ዌልስሊ ከተማ ውስጥ፣ ችግር ሳይከፋ ነዋሪውን የሚደግፍ ማዕከል አቋቋመ።