ከ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ የሄደች አውቶሞቢል

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የሰው ልጅ በጥበቡ የሠራው ዕቃ ኹሉ ያረጃል። ነገር ግን እርጅና በአንዱ ላይ ፈጥኖ ሲደርስ በሌላው ላይ የሚዘገየው ስለ ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት የሁለት አውቶሞቢሎችን ታሪክ እንመልከት፤ ዘመኑንም የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ግዛት ይኖር የነበረ ኢርቭ ጎርደን የተባለ የሳይንስ መምህር በ1966 ዓ.ም. አንዲት ቀይ ቮልቮ ገዛ። ወደ ሥራው ደርሶ ለመመለስ በየቀኑ 125 ማይል፣ ማለት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ ነበር። መኪናይቱ በ1987 አንድ ሚሊዮን ማይል፣ በ2002 ሁለት ሚሊዮን፣ በ2013 በአላስካ ምድር ሦስት ሚሊዮን ማይል ሞላች። ሦስት ሚሊዮን ማይል 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ይህም ምድርን በወገቧ 120 ጊዜ ያህል እንደ መዞር ነው። ጎርደን በ2018 በሞተ ጊዜ ጉዞው ከ5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር።

ምሥጢሩ ምን ነበር ቢባል፣ የተሰወረ ነገር አልነበረበትም። ፋብሪካው ከመኪናይቱ ጋር የሰጠውን መጽሐፍ አንብቦ የታዘዘውን በጊዜው ይፈጽም ነበር። የሞተሩን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይለውጥ ነበር። ሞተሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈትቶ የታደሰው 680,000 ማይል ከሄደ በኋላ ነው። ዘይት ብረትን ከብረት ይለያል፤ ሙቀትንና እድፍንም ይሸከማል። ሲቈይ ግን የተሸከመው እድፍ ራሱ ብረቱን መፋቅ ይጀምራል።

ሁለተኛይቱ መኪና በግሪክ አገር በተሰሎንቄ ከተማ በታክሲነት ያገለገለች የ1976 መርሴዲስ ናት። ባለቤቷ በ2004 ለፋብሪካው ሙዚየም ባስረከባት ጊዜ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር። ይህ ሰው ሞተሮችን እያፈራረቀ ይሠራባት ነበር። ስለዚህ ረዥም ዕድሜ ማለት ምንም ሳይለወጥ መኖር ሳይሆን፣ ያለቀው ክፍል ሌላውን ሳያበላሽ በጊዜው መተካት ነው።

የአሜሪካው መንገድ ረዥምና ለስላሳ ስለ ሆነ ነው የሚል ቢኖር፣ ነገሩ እውነትነት አለው። ሞተር በደንብ ሞቆ ሩቅ ሲሄድ አይጐዳም፤ በአጭር መንገድ ሳይሞቅ ሲነሣና ሲቆም ግን ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል። የአዲስ አበባ ዳገት፣ አቧራና የመንገድ መጨናነቅም ይህንኑ ያብሳሉ። ነገር ግን ይህ መኪናን ቸል ለማለት ምክንያት አይሆንም፤ ይልቁንም ዘይትንና የአየር ማጣሪያን ቀደም ብሎ መለወጥ እንደሚገባ ያስረዳል።

ከዚህ ኹሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። የጎርደን መኪና 52 ዓመት ሙሉ የነበራት አንድ ባለቤት ነው፤ ትናንት ምን እንደ ተደረገላት፣ ዛሬ ምን ዐይነት ድምፅ እንደምታሰማ ያውቃል። የመንግሥት መኪና ግን ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች። ሾፌሩ ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ ተተኪውም ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠ የሚጠይቀው ሰው ያጣል። የባለቤትን ዐይን ሊተካ የሚችለው በትክክል የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው። ቀኑ፣ የተሄደው ኪሎ ሜትር፣ የተለወጠው ዕቃና የሠራው ሰው ፊርማ ከተጻፈ፣ ዐሥር ሾፌር ቢፈራረቅም መኪናይቱ አንድ ባለቤት እንዳላት ትቈጠራለች።

ይህን መዝገብ መያዝ የመካኒክነት ሙያ አይጠይቅም፤ የጽሕፈት ቤት ሰው ሥራ ነው። መለዋወጫውም ሆነ ሞተሩ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ዋጋውም ከሕዝብ ግብር የሚከፈል ስለ ሆነ፣ በአንድ መስመር ጽሑፍ የሚድነው ገንዘብ ቀላል አይደለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ጭምር ነው።