የአሸንድዬ ቅጠል

ነገሩ የተነሣው ሻይ ቤት ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ ስለ እንግሊዝ ገበሬዎች ያነበበውን እየሳቀ አወራን። በሱመርሴት አውራጃ፣ በክረምታቸው እኩሌታ፣ የመንደሩ ሰው ወደ ፖም ዛፍ ይወጣል፤ ከፖም የተጠመቀ መጠጥ ሥሩ ላይ ያፈሳል፤ በመጠጡ የራሰ ዳቦ ቅርንጫፉ ላይ ይሰቅላል፤ ይዘፍናል፤ ጠመንጃም ይተኩሳል። ለመጪው ዓመት እንዲያፈራ ነው። «ዋሰል» ይሉታል፤ ጥንተ ፍቺው «ጤና ሁን» ነው። መንግሥታቸው በ1752 እ.ኤ.አ. አቆጣጠሩን ለውጦ 11 ቀን ሲያጎድል፣ አንዳንዱ ገበሬ ግን በአሮጌው ቀን ጸና፤ ዛሬም ጥር 17 በፈረንጅ የሚያከብሩ አሉ። በአሮጌ አቆጣጠር መጽናትማ ከእኛ ወዲያ ላሳር!

እኔ ግን የላስታ ልጅ ነኝና ልቤ አሸንድዬ ላይ ቀረ። ዋሰልም እኮ ከቤት ቤት እየዞሩ መዝፈን አለው።

የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ፣ ከነሐሴ 16 እስከ 21፣ ልጃገረዶች አሸንዳ የሚባለውን ረጅም ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ ያስራሉ፤ ከበሮ ይዘው በር በር ይዞራሉ። ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ ሲሰጥ ይመርቁታል፤ ቋጣሪ ከሆነ ደግሞ አይምሩትም። በሌላው ጊዜ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ በእነዚህ ቀኖች የጌታውን ደጅ ቆማ ስሙን ትጠራለች። ዋግ ሻደይ፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይለዋል።

ከየት መጣ? ካህናቱ የእመቤታችንን ዕርገት ይጠቅሳሉ። ሌላው የኖኅ ርግብ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል ነው ይላል። የዮፍታሔን ልጅ የሚያነሡም አሉ፤ እሷን ግን የእስራኤል ሴቶች በዓመት አራት ቀን ያለቅሱላት ነበር (መሳፍንት 11)፣ የላስታ ልጆች ደግሞ ሲስቁ ነው የማውቃቸው። እንግዲህ እኔ ከሦስቱ በፊት የማየው ወሩን ነው። ነሐሴ ማሳው አረንጓዴ፣ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወር ነው። የእንግሊዙ ዛፍም በጥር ቅጠል የለውም። ሰው ዘፍኖ የሚለምነው በእጁ ምንም በሌለበት ሰዓት ይመስለኛል። የሚሰጠውም ከሌለው ላይ ቆርሶ ነው፤ ምርቃቱም የከበደው ለዚህ ይሆናል።

የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የንጉሥን ዘመቻ ይከተሉ ነበር እንጂ የልጃገረድ ከበሮ ምናቸው ነው? ይህ ያለፈ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር በዚያ ነሐሴ የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። የያዟት ወጣቶች እኅቶችም እኮ በዚያው ሰሞን ያንኑ ሣር የሚያስሩ ናቸው! በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ውጊያው በቆቦ በኩል እንደገና የተቀሰቀሰው ነሐሴ 18 ቀን ነው፤ ሶለል በገባ በሦስተኛው ቀን። ወደፊት ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የግንባሩን ካርታ አያጣም። የሶለሏን ቀን ግን አጠገቡ ይጽፋት ይሆን?

ታናሽ እኅቴ የ2013ቱን የነገረችኝ ቆይታ ነው። ሣሩን በዋዜማው ቆርጣ፣ ውኃ ረጭታ፣ ከበሩ ኋላ አስቀምጣው ነበር። በነጋታው እናቴ እንዳትወጣ ከለከለቻት። ሦስት ቀን ጠብቃ ለጥጃዋ ሰጠችው።