«ሲላፉ ነው»

ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ መርካቶ መሀል ሲገባ ሥራና ጨዋታ አይነጣጠሉም። ኩንታል ተሸክሞ የሚያልፈውን ልጅ ጎኑን ኮርኩሮት የሚሸሽ አይጠፋም። ጎሚስታ ቤት ደጃፍ የንፋስ ቱቦ ይዞ ባልደረባውን የሚያሯሩጥ አለ። ጨርቅ መደብር ውስጥ ቆጥ ላይ ያለው ልጅ ጣቃውን «ያዝ!» ብሎ ይለቀዋል፣ ታች ያለው በደረቱ ይቀበለዋል፣ ደንበኛው ይስቃል። ቀኑ ረጅም ነው፣ ሸክሙም ከባድ ነው። ልፊያው ባይኖር ቀኑም አይገፋ።

አንድ ቀን ግን ጣቃው አንገት ላይ ያርፋል። የተኮረኮረው ልጅ ከነኩንታሉ ይወድቃል። ሰው ተሰብስቦ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል መልሱ ሁለት ቃል ነው፦ «ሲላፉ ነው።» ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። አሠሪው እፎይ ይላል። አላፊ አግዳሚው «ይሄ ልፊያ አንድ ቀን ጉድ እንደሚያመጣ አውቀን ነበር» ብሎ ይበተናል። ተጎጂው ራሱ እንኳ «ምን አባቴ ልበል፣ ስንላፋ እኮ ነው» ብሎ ቤቱ ይተኛል።

እነዚህ ሁለት ቃላት ጉዳዩን የመዝጋት ሥልጣን ከየት አገኙ? ከኢትዮጵያ ሕግ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ የሚለው ወደ ተቃራኒው ያደላል። ይህን ለማየት ግን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽም ራቅ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1837 እንግሊዝ አገር የአንድ ሥጋ ሻጭ ተቀጣሪ የነበረ ልጅ ሥጋ ለማድረስ ሲሄድ የተሳፈረበት ጋሪ ከልክ በላይ ተጭኖ ኖሮ ተሰበረ። ልጁ ክፉኛ ተጎዳና ጌታውን ከሰሰ። ፕሪስትሊና ፎውለር በሚል በሚታወቀው በዚህ ክርክር የበላይ ዳኞቹ ለጌታው ፈረዱ። ጌታ ለአንዱ ተቀጣሪ ስህተት ለሌላው ተቀጣሪ የሚጠየቅ ከሆነ መጨረሻው የት ነው? የአልጋ አንጣፊዋ ስህተት፣ የወጥ ቤቱ ስህተት፣ ሁሉም ጌታው ላይ ሊመጣ ነው ብለው ፈሩ። ከዚያ በኋላ ሠራተኛ በሥራ ጓደኛው ጥፋት ሲጎዳ አሠሪውን አይጠይቅም የሚል ደንብ ጸና። እንግሊዝ ይህን ደንብ ሙሉ በሙሉ የሰረዘችው በ1948 ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ።

በመሀል ሌላ ሐሳብ መጥቷል። ጀርመን በ1884፣ እንግሊዝ ደግሞ በ1897 የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሕግ አወጡ። በአዲሱ ሕግ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ወደ ጎን ይቀራል። ጉዳቱ ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ የደረሰና ከሥራው የመነጨ ከሆነ አሠሪው ይከፍላል። ታዲያ ልፊያ «ከሥራው የመነጨ» ነው? እ.ኤ.አ. በ1902 የላንክሻየርና ዮርክሻየር ባቡር ኩባንያ ሠራተኛ የነበረ ልጅ ይህን ጥያቄ ይዞ ፍርድ ቤት ቆመ። ሁለት ባልደረቦቹ ሲላፉ አንዱ ተናዶ ብረት ወረወረ፣ ብረቱ ዒላማውን ስቶ ይህንን፣ በነገሩ የሌለበትን ልጅ ዓይኑን መታው። ዳኞቹ «ልፊያ የኩባንያው ሥራ አይደለም» ብለው ካሳውን ከለከሉት። የመርካቶው «ሲላፉ ነው» በእንግሊዝኛ ፍርድ ሆኖ የተጻፈው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩን የገለበጠው ኒው ዮርክ ነው። በ1920 የአንድ ሐር ፋብሪካ ሠራተኛ ሥራው ላይ ሳለ ልጆች ለጨዋታ ሲወራወሩ የነበረው ፖም መታውና የአንድ ዓይኑን አብዛኛውን የማየት ኃይል አጣ። ፍርዱን የጻፉት ኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ቤንጃሚን ካርዶዞ ናቸው። መከራከሪያቸው ቀላል ነበር። ወጣቶችን ሰብስቦ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቤት ውስጥ የሚያውል አሠሪ እጃቸውን ብቻ አልቀጠረም። መንጫጫታቸውም፣ መላፋታቸውም አብሮ ገብቷል። በዚህ መሀል ተቀምጦ የሚሠራ ሰው የሚደርስበት አደጋ የዚያ ሥራ አደጋ ነው። ልጁ ካሳውን አገኘ። ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ጥበቃው ቆሞ ለተመታው ብቻ ሳይሆን ለተላፊውም እየሰፋ ሄዷል።

ወደ አገራችን እንመለስ። መርካቶ ራሱ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው የዛሬውን መርካቶ ተከለ። «ጎሚስታ» የሚለው ቃል ሳይቀር ከዚያው ከጣሊያንኛ የቀረ ነው። ገበያው አድጎ በሺዎች የሚቆጠር ጉልበት ሲሰበስብ ግን የሚያስተዳድረው የሥራ ሕግ ገና አልነበረም። የሰው እጅ ቢሰበር በሽማግሌ ነው፣ ቢሞት በዕድር ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ። ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። እንግሊዝ መቶ ዓመት ያንገላታትን ደንብ ይህ ሕግ ጨርሶ አላስገባውም። ከቁጥር 2130 ጀምሮ ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን ሌላ ሰው ቢጎዳ አሠሪውም እንዲጠየቅ ያደርጋል። ጉዳቱ በሥራ ቦታ ወይም በሥራ ሰዓት ከደረሰ ደግሞ ከሥራው ጋር እንደተያያዘ ይገመታል፣ አይደለም የሚል አሠሪ ማስረጃውን ያምጣ ነው ነገሩ።

ሕጉ ልፊያንም ረስቶ አላለፈውም። ቁጥር 2038 የሰውን አካል ያለ ፈቃዱ ሆን ብሎ የሚነካውን ጥፋተኛ ያደርጋል። ቁጥር 2039 ግን ነኪው «ይቃወመኛል» ብሎ ሊገምት የማይችል ከነበረ ይምረዋል። ዕለት ዕለት የሚኮራኮሩ ሁለት ጓደኛሞች እዚህ ሊገቡ ይችላሉ። (በነገራችን ላይ ይኸው ቁጥር አሽከርን «በልኩ» የቀጣ ጌታንም ይምራል። የዘመኑን መንፈስ ያሳያል።) ልብ መባል ያለበት ግን ምሕረቱ የተጻፈው ለኮርኳሪው መሆኑ ነው። ኮርኳሪው ተማረ ማለት አሠሪው ከካሳ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም።

ከዚያ የ1956ቱ የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ መጣ፣ የደርግ አዋጅ ቁጥር 64/1968 መጣ፣ 42/1985 እና 377/1996 ተከተሉ። ዛሬ የሚሠራበት 1156/2011 ነው። በአዋጁ አንቀጽ 96 አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይጠየቃል። ነጻ የሚወጣው ሠራተኛው ራሱን ሆን ብሎ ከጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያን መጣስና ራስን መግዛት እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ይቆጠራሉ። አንቀጽ 97 ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ በአሠሪው ወይም በሦስተኛ ሰው ድርጊት የሚደርስበትን ጉዳት በሥራ ላይ ከደረሰ አደጋ ይቆጥረዋል። የሥራ ባልደረባን ከ«ሦስተኛ ሰው» የሚያስወጣ ቃል የለበትም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ካለቀ በኋላ ወይም በመሀል ሲቋረጥ እንኳ፣ ሠራተኛው ከሥራው በተያያዘ ግቢው ውስጥ ካለ ሕጉ ይከተለዋል። ልፊያ የሚበዛው ደግሞ መኪና እስኪመጣ ሲጠበቅ፣ ምሳ ሲደርስ፣ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ነው።

ስለዚህ ኩንታል ተሸክሞ ሲያልፍ ተኮርኩሮ የወደቀው ልጅ ጉዳይ ጠንካራ ነው። ሥራው ላይ ነበር፣ ድርጊቱ የሌላ ሰው ነው። ጨዋታውን ራሱ የጀመረው ተጎጂ ግን ይከብደዋል፣ ሥራውን እየሠራ እንደነበር ማስረዳት አለበት። አሠሪው አስቀድሞ ግልጽ የደኅንነት መመሪያ ሰጥቶ ከነበረ ደግሞ የበለጠ ይከብደዋል። ጎሚስታ ቤት ይህ የቃላት ክርክር አይደለም። በኮምፕሬሰር ንፋስ መቀለድ ሰው አንጀቱ ተበስቶ ቀዶ ሕክምና እንዲገባ ማድረጉ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመዘገብ የኖረ ነው፣ ያውም በልብስ ላይ እያለ። «በዚህ ቱቦ አትጫወቱ» ብሎ በግልጽ ያዘዘ ባለቤት ስንት ነው?

ሕጉ ይህን ያህል ካለ መርካቶ ላይ ለምን አይታይም?

አንደኛው ምክንያት ሽምግልናው ነው። ልጁ ሆስፒታል ሳለ ሽማግሌ ይቀመጣል። «ወንድማማች ናችሁ፣ ሆን ብሎ አላደረገውም፣ ይቅር በለው ልጄ» ይባላል። እውነት ነው፣ ሆን ብሎ አላደረገውም። ኮርኳሪው ስልኩን ይሸጣል፣ ዕቁቡን ተበድሮ ይወስዳል፣ ለራጅና ለመድኃኒት ይከፍላል። ካልከፈለ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559፣ በቸልተኝነት አካል በመጉዳት ሊከሰስ እንደሚችል የሚያስታውሰው አያጣም። ሁለት ድሆች አንዱ የሌላውን እዳ ተካፍለው ይታረቃሉ። ሱቁን የከፈተው፣ ሁለቱንም እዚያ ያዋላቸው ጋሼ ግን ብዙውን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ አስታራቂ ነው። አምስት መቶ ብር አክሎ ይመረቅበታል። ከሳሽ ቢኖር ኖሮ ተከሳሹ እሱ ነበር።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ይገርማል። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው፣ በጡረታ ሽፋን ውስጥ የሌለ ሠራተኛ እንውሰድ። ጉዳቱ ጊዜያዊ ሲሆን አሠሪው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፍላል። የሕክምናው ወጪ ከዚህ ውጭ ነው፣ እሱም የአሠሪው ነው። የሐኪሞች ቦርድ «30 በመቶ ዘላቂ ጉዳት» ካለ ደግሞ የሙሉ ጉዳት ካሳ የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ስለሆነ፣ 72,000 ሲባዛ በ5፣ 360,000 ብር ይመጣል። የዚህ 30 በመቶ 108,000 ብር ነው። በሽምግልና የሚገኘው የሦስት ወር የመድኃኒት ወጪ ነው። ለዚያውም ሽምግልናው ሲጓተት ሰዓቱ ይሮጣል፣ ይህን መሰሉ የሥራ ክርክር በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

«108,000 ብር ከትንሽ ሱቅ ከየት ይመጣል?» የሚል አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ሱቁ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህ ነው የመድን ድርጅቶች የሠራተኛ ጉዳት ካሳ ዋስትና የሚሸጡት። ነጋዴው ለመኪናው ያለ ዋስትና መንገድ አይወጣም፣ መኪናውን ለሚጭንለት ልጅ ግን አስቦበት አያውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት የቅጥሩ ነገር ነው። እህል በረንዳ በኩንታል የሚከፈለው ተሸካሚ የማን ሠራተኛ ነው? አዋጁ በራሱ ንግድ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ነጋዴውም «የራሱ ሰው ነው፣ እኔ አልቀጠርኩትም» ይላል። በየቀኑ ለአንድ መጋዘን ብቻ የሚሸከም፣ መጋዘነኛው «ና» ሲለው የሚመጣ፣ «ቁም» ሲለው የሚቆም ልጅ የራሱ ነጋዴ ነው ማለት ግን ቀልድ ነው። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም መብቱን አያጠፋም፣ የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። የጎደለው የሚከራከርለት ነው። የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም በ1956ቱ አዋጅ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር፣ ዛሬ 10 ይበቃል። የመርካቶ ሱቅ ግን ሦስትና አራት ሰው ነው የሚያሠራው።

ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ክሱ የሚጀምረው ግን ከሆስፒታል ካርድ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርሷ «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ያመጡት ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሲላፉ ነው» ይላል። እሷም እንደተነገራት ትጽፋለች። የት ሲሠራ፣ በስንት ሰዓት፣ የማንን ጭነት ተሸክሞ የሚለው ሳይጻፍ ይቀራል። ከስድስት ወር በኋላ ችሎት ፊት የሚነበበው ያ መስመር ነው።