ከዘር የሚበቅሉ የግቢ አበቦች በአዲስ አበባ

በአዲስ አበባና ተመሳሳይ ከፍታ ባላቸው የኢትዮጵያ ከተሞች ከዘር እየተፈሉ በመኖሪያ ግቢ የሚያድጉት አበቦች በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት አያልፍም። ማሪጎልድ፣ ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ ፔቱኒያ፣ ናስተርሺየምና ሱፍ የታወቁት ናቸው። ዳሊያ ሥሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ቢቆይም ከዘር በተፈላበት ዓመት ስለሚያብብ ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራል። ጽጌረዳና ጀራኒየም የሚራቡት ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ እየተተከለ ስለሆነ እዚህ አይነሱም።

በአውሮፓ የሚታተሙ የአትክልት መጻሕፍት የመዝሪያውን ጊዜ የሚቆጥሩት የዓመቱ የመጨረሻ ውርጭ ከሚጥልበት ቀን ተነስተው ነው። አዲስ አበባ ላይ ጊዜውን የሚወስነው ዝናብ ነው። ችግኙን የሚያጠፉት ተባዮችም በዝናቡ መምጣትና መሄድ ስለሚፈራረቁ፣ የመዝሪያ ወር የሚመርጥ ሰው ከየትኛው ተባይ ጋር እንደሚታገልም አብሮ መርጧል።

የአበቦቹ መነሻ

ከተዘረዘሩት አበቦች አራቱ፣ ማለትም ማሪጎልድ፣ ዚኒያ፣ ኮስሞስና ዳሊያ፣ የሜክሲኮና የአካባቢዋ ተወላጆች ናቸው። ይህ ለአዲስ አበባ አትክልተኛ ትልቅ ዕድል ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ አማካይ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የሁለቱም ዋና ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ቀኑ ፀሐያማ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ይሆናል። አበቦቹ አገራቸው የለመዱትን የዝናብ ሥርዓት እዚህም ያገኙታል።

የቀን ርዝመትም ያግዛቸዋል። ኮስሞስ ለማበብ አጭር ቀን የሚሻ ተክል ነው። በሰሜን አውሮፓ በጋ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ስለሚረዝም ነባሮቹ ዝርያዎች ቅጠል ብቻ እያበዙ ይቆያሉ። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኮስሞስ በየትኛውም ወር ቢዘራ ያብባል። የዚህም ጉዳቱ አለ፦ በእፍኝ አፈር ውስጥ የተጨናነቀ ችግኝ ቁመት ሳያወጣ ሁለት አበባ አብቦ ዕድሜውን ይጨርሳል። የማብቀያ ዕቃውን ማስፋት ወይም ቶሎ መሬት ላይ ማዛወር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኮስሞስና ዳሊያ በሳይንሳዊ ስማቸው መጀመሪያ የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1791 በማድሪድ ነው፤ መዝጋቢው አንቶኒዮ ሆሴ ካቫኒየስ የተባለ ስፔናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። ዚኒያ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1759 በካርል ሊኒየስ ተሰይሟል፤ መታሰቢያነቱም ለጀርመናዊው ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ዮሐን ጎትፍሪድ ዚን ነው። ሜክሲኮ ዳሊያን በ1963 ብሔራዊ አበባዋ አድርጋለች። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ዝምድናቸው ሳይሆን አይቀርም፦ በመስከረም ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ ከኮስሞስና ከዳሊያ ጋር በአንድ የዕፅዋት ነገድ ውስጥ ይመደባል። አደይን ከዘር ማሳደግ ይቻላል፤ ሆኖም ግቢ ውስጥ ሆን ብሎ የሚዘራው ሰው ጥቂት ነው፤ ያሳዝናል።

አዘራርና አፈላል

የዘሮቹ መጠን እጅግ ይለያያል። በአንድ ግራም ውስጥ የናስተርሺየም ፍሬ ከአሥር አይበልጥም፣ የዚኒያ 100 ገደማ ይሆናል፣ የፔቱኒያ ግን ወደ 10,000 ይጠጋል። አዘራሩም ይህንኑ ይከተላል። ናስተርሺየም ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ይቀበራል፤ ጨለማ ይፈልጋል። የፔቱኒያ ዘር ብርሃን ካላገኘ በደንብ ስለማይበቅል እርጥብ አፈር ላይ ተነስንሶ ሳይሸፈን ይተዋል። ዚኒያና ማሪጎልድ በቀጭኑ አፈር ይለብሳሉ፤ ሙቀት ካገኙ ሳምንት ሳይሞላቸው ብቅ ይላሉ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ይዘገያሉ።

አፈሩ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። በእንጦጦ ግርጌ ቀይ አፈር ይበዛል፤ ወደ አቃቂ አቅጣጫ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ይጀምራል። ዋልካ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ለደቃቅ ዘር ፈጽሞ አይሆንም። ችግኙን የወንዝ አሸዋ፣ ብስባሽና ቀይ አፈር በተደባለቀበት ዕቃ አፍልቶ መደቡን ከፍ አድርጎ ማዛወር ይሻላል።

ገና በበቀለ ችግኝ ላይ የሚደርሰው የከፋ ጉዳት ከነፍሳት ሳይሆን ከአፈር ወለድ በሽታ የሚመጣ ነው። ማታ ቀጥ ብሎ የታየ ችግኝ ጠዋት አንገቱ ላይ ቀጥኖ ተጋድሞ ይገኛል። ምክንያቶቹ ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያና የመሳሰሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ የሚስፋፉትም እርጥበት በበዛበት፣ አየር ባነሰበትና ዘር በተጨናነቀበት ነው። አንዴ የወደቀ ችግኝ አይነሳም። መከላከያው ዘሩን አሳስቶ መዝራት፣ ውሃውን ጠዋት ከዕቃው ሥር ማስጠጣትና አሮጌውን ዕቃ አጥቦ መጠቀም ነው። አፈሩን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ማሞቅም አብዛኞቹን ይገድላል፤ የቤት ማድ ቤት ግን የሚወደው ሥራ አይደለም።

በመስከረም መጀመሪያ አበባ እንዲደርስለት የሚፈልግ ሰው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይዘራል፤ ችግኙን ከሐምሌ ዶፍና ከበረዶ የሚጋርድ ጣሪያ ያስፈልገዋል። በነሐሴ አጋማሽ የተዘራው ደግሞ ዝናቡ ሲያቆም ያድጋል፤ ከኅዳር ጀምሮ ያብባል፤ ውሃ ለማጠጣት ለሚችል ይህ ይቀላል። ዝቅ ባሉ ቦታዎች ጥርት ባለ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ዚኒያንና ዳሊያን ሊያጠቁር እንደሚችል ግን መታሰብ አለበት።

የክረምት ተባዮች

በክረምት ቀዳሚው ጠላት ቀንድ አውጣ ነው፤ ቅርፊት ያለውም የሌለውም። የሚበላው በሌሊት ነው፤ በጠዋት የሚገኘው ምልክት የሚያብለጨልጭ የልጋግ መንገድና እስከ ግንዱ የተበላ ችግኝ ነው። ማሪጎልድ ተባይን ያባርራል ተብሎ በሰፊው ቢነገርለትም ቀንድ አውጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመርጠው እሱን ነው። የማሪጎልድ እውነተኛ ችሎታ ያለው ሥሩ ላይ ነው፦ ከሥሩ የሚወጣ ንጥረ ነገር ኔማቶድ የተባሉትን ረቂቅ የአፈር ትሎች ይገድላል። ለዚያም ቢሆን መሬቱን ሸፍኖ ለወራት መቆየት አለበት፤ ከጎን የተተከለ አንድ እግር ምንም አያደርግም።

ቀንድ አውጣን በተመለከተ ቡና ጠጪ አገር ሊያውቀው የሚገባ ግኝት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሃዋይ የሚሠሩ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች እንቁራሪት ለመቆጣጠር ካፌይን ሲሞክሩ ቀንድ አውጣዎች እንደሚሞቱ አስተዋሉ፤ ውጤቱን ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳተሙት። የሚገድለው ከ1 እስከ 2 በመቶ ካፌይን ያለው ፈሳሽ ነው። የተፈላ ቡና የሚይዘው ግን ቢበዛ 0.1 በመቶ ገደማ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተፈልቶ የተደፋ የቡና አተላማ ከዚያም ያነሰ ነው። እርግጥ በጣም ቀጭን ካፌይንም ቅጠሉን ሊያስጠላው እንደሚችል ያው ጥናት አሳይቷል። አተላውን ችግኝ ዙሪያ መድፋት ጉዳት የለውም፣ ነገር ግን ብቻውን ያድናል ብሎ መተማመን አይገባም።

እንዶድም በዚህ አጋጣሚ ይነሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አይተው ጉዳዩን መርምረዋል። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ የ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። የተጠናው ግን ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን የውሃ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ነው፤ ያ ቀንድ አውጣ ራሱ ውሃ ውስጥ ስለሚኖር እንዶዱ ይደርሰዋል። የግቢው ቀንድ አውጣ የየብስ ነው። እንዶድ ዓሣም ስለሚገድል ወደ ወንዝ በሚወስድ ቦይ አጠገብ መርጨት አይገባም።

ከሁሉ አስተማማኙ ዘዴ በምሽት በባትሪ ብርሃን ለቅሞ ማስወገድ ነው። የቢራ ወጥመድም ይሠራል፤ የሚስበው የእርሾው ሽታ ስለሆነ ጠላም ያንኑ ሥራ እንዳይሠራ የሚከለክለው ነገር የለም። ጨው ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ አፈሩንም አብሮ ያበላሻል። ሜታልዳይድ የተባለው የቀንድ አውጣ መርዝ ለውሻ አደገኛ ነው፤ ብሪታኒያ ከ2022 ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይውል ከልክላዋለች።

ቆራጭ ትልም ሌሊት ይሠራል። ችግኙን ከአፈሩ ወለል ላይ በጥሶ ጥሎት ይሄዳል፤ ጠዋት በአቅራቢያው ጣት ያህል ቢቆፈር ተጠቅልሎ ይገኛል። ግርጌው የተቆረጠ የፕላስቲክ ብርጭቆ በችግኙ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ቢገባ ይበቃዋል። ያው ብርጭቆ ዶሮ እንዳትጭረውም ይረዳል፤ ዘር የተዘራበት መደብ ላይ ግን የእሾህ ቅርንጫፍ ማጋደም ይቀድማል።

የበጋ ተባዮች

ዝናቡ ሲያቆም ቀንድ አውጣ ይደበቃል፣ ክሽክሽ ይተካዋል። አገሩ ብርድ የሚበረታበት ቢሆን ኖሮ አብዛኛው በቅዝቃዜ ይሞት ነበር፤ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። ሴቷ ያለ ወንድ፣ እንቁላል ሳትጥል ልጆቿን በቁማቸው ትወልዳለች፤ በዚህ ምክንያት በናስተርሺየም ቅጠል ሥር ትናንት ያልታየ ዛሬ ተነባብሮ ይገኛል። ጉንዳኖች ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወዱ ከጠላቶቹ ይጠብቁታል። ግንዱ ላይ የጉንዳን ሰልፍ የታየበት ተክል ቅጠሉ ቢገለበጥ ክሽክሽ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው።

በውሃ ግፊት ማጠብ ብዙውን ያራግፋል። ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ተበጥብጦ ፀሐይ ሳይከር ቅጠሉን ከሥር እስኪያረጥብ ይረጫል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ቅጠል ያቃጥላል። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሿ ጥንዚዛና እጯ ክሽክሽ በሊታ ናቸው፤ እጯ ጥቁርና እሾሃማ መሳይ ስለሆነች በተባይነት ተጠርጥራ ብዙ ጊዜ ትገደላለች። እስስትንም ከግቢ የማያባርር ሰው ነፃ ሠራተኛ አለው።

በጥርና በየካቲት ድርቀት ቀይ ሸረሪት ይመጣል። በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ ቅጠሉ ደብዝዞ በመርፌ የተወጋጋ ሲመስልና ከሥሩ ስስ ድር ሲታይ እሱ ነው። አቧራ የሚበዛበት የመንገድ ዳር አጥር ይበልጥ ይጠቃል። የቅጠሉን ሥር በውሃ ማጠብ አቧራውንም ሸረሪቱንም ያነሳል።

ፍልፈል ወቅት አይመርጥም። የዳሊያን ሥር ከታች ይበላል፤ አንዳንዴ ተክሉን እንዳለ ወደ ጉድጓዱ ሲስበው ይታያል። ዳሊያን በትልቅ ማሰሮ ወይም ሥሩ በሽቦ ወንፊት በታጠረ ጉድጓድ ከመትከል የተሻለ ነገር አልተገኘም። ሱፍ ፍሬ ሲይዝ ወፎች ይሻሙታል፤ ዘር የሚፈልግ ሰው ጭንቅላቱን በስስ ጨርቅ ያስራል።

በየገበያው ምልክት በሌለው ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጥ ፀረ ተባይ ለግቢ አበባ አይመከርም። ምንነቱና መጠኑ አይታወቅም፤ አበባ ላይ ከተረጨ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው ንብ ነው።

ዘር ማስቀረት

ማሪጎልድ፣ ዚኒያና ኮስሞስ አበባቸው ግንዱ ላይ ደርቆ ቡናማ ሲሆን ዘራቸው ይለቀማል። ለዚህ የሚመቸው በጥርና በየካቲት የሚደርሰው ነው፤ በክረምት የሚያልቀው አበባ ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ኤፍ ዋን ተብሎ የተጻፈበት የታሸገ ዘር ድቅል በመሆኑ ከእሱ የተለቀመው ዘር በሚቀጥለው ዓመት ልዩ ልዩ ቁመትና ቀለም ያወጣል፤ ይህን የሚወዱም አሉ። ዘሩ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስምና ወር ተጽፎበት፣ ከማድ ቤት እንፋሎት ርቆ ይቀመጣል። ዚኒያ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ለበርካታ ዓመታት የመብቀል ኃይሉን ይይዛል። ከመዝራት በፊት አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ ለሳምንት ማየት ስንቱ እንደሚበቅል ያሳያል፤ ከአምስት በታች ከሆነ እጥፍ አድርጎ መዝራት ወይም አዲስ ዘር መግዛት ያስፈልጋል።