በለምጻሙ ስምዖን ቤት፦ መጽሐፍ ቅዱስና እውነተኛ ውበት

ወሎ ሲነሣ ቁንጅና አብሮ ይነሣል። ዘፋኙም መንገደኛውም ስለ ወሎ ቆንጆ ብዙ ብሏል። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው ደጋ፣ በአንገታቸውና በድዳቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ዛሬም ይታያሉ፤ ንቅሳቱ በልጅነታቸው የውበት ጌጥ ነበር። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» የሚለው ተረታችንም መልክ የጎደለው ሰው ድጋፍ ይሻል ከሚል አሳብ የተነሣ ነው።

ወገኖች፣ በአብያተ ክርስቲያናችን ስለ ውበት ሲሰበክ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥3-4 ይነበባል። ትምህርቱም ብዙ ጊዜ በሹሩባ፣ በጆሮ ጌጥና በቀሚስ ርዝመት ላይ ያልቃል። እኔም ለእህቶች እንዲሁ ሰብኬ አውቃለሁ። ነገር ግን ሐዋርያው ከሹሩባና ከወርቅ ጋር ልብስ መልበስንም ይጠቅሳል። አሳቡ መከልከል ቢሆን ኖሮ ልብስም በተከለከለ ነበር! የሚናገረው ውበታችን ከየት እንደሚመጣ ነው። በዚያ ክፍል «የዋህ» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል ጌታ በማቴዎስ 11፥29 ስለ ራሱ የተናገረው ያው ቃል ነው። እንግዲህ የተሰወረው የልብ ሰው ውበት የክርስቶስ ጠባይ ነው፤ ለሴቶች ብቻም የተተወ አይደለም።

ይህን ትምህርት አጥብቆ የሚፈትነው በበሽታ የተለወጠ ፊት ነው። ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ የተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ በተደረገበት ስፍራ፣ የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን በ1940ዎቹ ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋሙ። ዛሬ የመንግሥት ሆስፒታል ሆኖ ሌሎች ሕሙማንንም ያክማል።

የሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ በዘርም አይወረስም። የሚያመጣው ተሕዋስ በ1873 እ.ኤ.አ. በኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን ተገኝቷል። በሽታው ነርቭን ይጎዳል። እጅ ስለሚደነዝዝ ሰውየው ከምድጃ ላይ የጋለ ድስት ሲያነሣ መቃጠሉን አያውቅም፤ ቁስሉ እየተደጋገመ ጣት ያሳጥራል። ቅንድብ ይረግፋል፣ የዐይን ቆብ አልከደን ይላል፣ አፍንጫ ይሰረጉዳል። መጀመሪያ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ሲነኩት የማይሰማ የደበዘዘ ወይም የቀላ የቆዳ ምልክት ነው። በዚያ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ያለ ክፍያ በሚሰጥ መድኃኒት እንደ ዐይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል፤ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ አያስተላልፍም። በኢትዮጵያ አሁንም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። ብዙዎች ዘግይተው የሚመጡት ስለሚያፍሩ ነው። መድኃኒቱ ተሕዋሱን ይገድላል እንጂ ያጠረውን ጣት አይመልስም። ስለዚህ የዳነ ሰው የበሽታውን መልክ ይዞ በጉባኤያችን ይቀመጣል፤ ሰላምታ ስንለዋወጥ እጁን ወደ ነጠላው ሲሰበስብ ያየን እናውቃለን።

አንዳንዶች በዘሌዋውያን 13 እና 14 ያለውን «ለምጽ» ከዚህ በሽታ ጋር አንድ አድርገው ያነባሉ። የዕብራይስጡ ቃል ግን በልብስና በቤት ግድግዳ ላይ የሚወጣውንም ይጨምራል (ዘሌ. 13፥47፤ 14፥34)። ሰውነቱ በሙሉ ነጭ የሆነውን ካህኑ ንጹሕ እንዲለው ያዝዛል (13፥13)። ስለዚህ ከሕጉ ተነሥቶ ዛሬ የሥጋ ደዌ ያለበትን ወንድም ማራቅ የቃሉን ትርጉም አለመረዳት ነው። ደግሞም ጌታ ለምጻሙን ያነጻው እጁን ዘርግቶ ዳስሶት ነው (ማር. 1፥41)። በቃል ብቻ ማንጻት ይችል ነበር። ኢሳይያስም በምዕራፍ 53 ስለ መከራ ተቀባዩ አገልጋይ ሲናገር ሰዎች ፊታቸውን የሚያዞሩበት፣ መልኩ የማይማርክ ሰው አድርጎ ይስለዋል።

በማርቆስ 14 ኢየሱስ በቢታንያ በማዕድ የተቀመጠው በለምጻሙ ስምዖን ቤት ነው። ስምዖን በዚያን ጊዜ ነጽቶ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። ሴቲቱ ሽቱውን በጌታ ራስ ላይ ያፈሰሰችው በዚያ ቤት ነው። ሰዎቹ ሲነቅፏት ጌታ ያደረገችውን «መልካም» አለው (ቁ. 6)። የግሪኩ ቃል ካሎን ነው፤ ያማረ፣ ውብ ማለትም ነው። የእኛም «መልካም» ከ«መልክ» ጋር ይዛመዳል፤ መልከ መልካም እንላለን። የሴቲቱን መልክ ወንጌላዊው አልጻፈልንም፤ የስምዖንንም እንዲሁ።